ዶክቶር ቻርልስ ብራድሌና የሒሳብ ኪኒን

የፈተና ሰሞን ሲቃረብ በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሲቀላም ይሁን በሴቻ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ጫት ማን እንደሚገዛው ለእኛ ለተማሪዎች ሌላ ሰው እንዲነግረን አያስፈልግም። ቀኑን በክፍል ሲያንጎላጅ የዋለው ጓደኛችን ማታ ቅጠሉን በጉንጩ ወጥሮ፣ ውሃውንና ለውዙን አጠገቡ አድርጎ፣ የመንፈቁን ትምህርት በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይቀመጣል። ምርቃናው ሲመጣ የማይገባ ነገር የለም፤ ሁሉም ግልጽ ይሆናል፤ ጓደኛችን ራሱን ከመምህሩ በላይ ሊቅ አድርጎ ያየዋል። በማግስቱ ግን የፈተናው ወረቀት ከፊቱ ሲቀመጥ ያ ሁሉ ብርሃን ወዴት እንደ ሄደ ራሱም አያውቀውም።

ይህን የምንጽፈው ለመገሠጽ አይደለም። ተግሣጹን ወላጆቻችን፣ የሃይማኖት አባቶቻችንና የግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ በበቂ ሰጥተውናል፤ ምን ያህል እንደ ሠራም በዓይናችን እያየነው ነው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። እንቅልፍን የሚያባርር ነገር ሁሉ ማስተዋልን ይጨምራል ወይ? ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ነገር ለሌላው ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ወደ ሕክምና ዓለም ካመጡት ሰዎች ዋነኛው አንድ የአሜሪቃ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ፤ ያመጡትም ሌላ ነገር ሲፈልጉ ነው። ስለዚህ የእኒህን ሰው ሕይወትና ሥራ ለጓደኞቻችን ለማቅረብ አሰብን።

ዶክቶር ቻርልስ ብራድሌ በ1902 ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ፣ የእኛ ነው ብለን ካላመለከትን በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ የሕክምና ትምህርታቸውን በ1928 ከሐርቫርድ ፈጸሙ። የመረጡት ሙያ የሕፃናት ሕክምና ነበር። እስከዚህ ድረስ ታሪካቸው የአንድ ጎበዝ ተማሪ ታሪክ ነው፤ ብዙ የሚያወያይ ነገር የለበትም። የሚያወያየው ከዚያ በኋላ የገቡበት ቤት ነው፤ የቤቱም ታሪክ ከሐኪሙ ታሪክ ይቀድማል።

የአያታቸው ወንድም የነበሩት ጆርጅ ሎትሮፕ ብራድሌ፣ ቴሌፎን ገና አዲስ ነገር በነበረበት ዘመን ገንዘባቸውን በዚያ ንግድ ላይ አውለው የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ሀብት ሞልቶ ሳለ ልጅ ግን አንዲት ብቻ ነበረቻቸው፤ ስሟ ኤማ ፔንድልተን ይባላል። ልጅቱ በሰባት ዓመቷ በአንጎል ብግነት ታመመች። ሕይወቷ ተረፈ፤ አእምሮዋና አካሏ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ የሚጥል በሽታም ተከተላት። አባትና እናት ሐኪም ፍለጋ ብዙ ደከሙ፤ ገንዘባቸውም ሐኪሞቹም ምንም አላተረፉላትም። የእኛ አገር ወላጅ እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስበት ልጁን ከጠበል ወደ ጠበል፣ ከአዋቂ ወደ አዋቂ ይዞ ይዞራል፤ የዚያ አገር ባለጸጋም ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ዞረ፤ ድካሙ ያው ነው። ጆርጅ ብራድሌ በ1906 ሲሞቱ በኑዛዜያቸው ቤታቸውና ሀብታቸው እንደ ኤማ ላሉ ሕፃናት መታከሚያ እንዲሆን አዘዙ። ኑዛዜው ሥራ ላይ የዋለው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1931 በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ኢስት ፕሮቪደንስ በሚባለው ስፍራ፣ የኤማ ፔንድልተን ብራድሌ ቤት ተከፈተ። በአሜሪቃ ለሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ብቻ ተብሎ የተቋቋመ የመጀመሪያው ሆስፒታል እርሱ ነው።

ዶክቶር ብራድሌ ወደዚህ ቤት የገቡት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆዩ ኃላፊው ሆኑ። ቤቱ ሆስፒታልም ትምህርት ቤትም ነበር። ሕፃናቱ እዚያው ያድራሉ፣ እዚያው ይማራሉ፣ እዚያው ይጫወታሉ፤ አስተማሪዎቹና አስታማሚዎቹ ከጧት እስከ ማታ ያዩአቸዋል። ይህ ነገር ቀላል መስሎ እንዳይታይብን። አንድ ሐኪም በሽተኛውን በሳምንት አንድ ጊዜ ለሩብ ሰዓት ቢያየው ሊያመልጠው የሚችለው ነገር፣ አብራ የምትውል አስተማሪ ዓይን አያመልጣትም። የዶክቶር ብራድሌ ዝነኛ ግኝት ከሐኪም ክፍል ሳይሆን ከመማሪያ ክፍል የተገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በዚያ ዘመን የአንጎልን መልክ በራጅ ለማየት የነበረው ዘዴ እጅግ አስጨናቂ ነበር። ከአከርካሪ መርፌ ተወግቶ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ይቀዳል፤ በምትኩ አየር ይገባል፤ ከዚያ ራጅ ይነሣል። ምርመራው ሲያልቅ ሕፃኑን ከባድ የራስ ምታት ይዞት ይሰነብታል። ዶክቶር ብራድሌ ራስ ምታቱ የመጣው ከፈሳሹ መጉደል ይሆናል ብለው አሰቡና፣ ሰውነት ፈሳሹን ቶሎ እንዲተካ የሚያነሣሣ ነገር ፈለጉ። በጊዜው ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ቤንዜድሪን የሚባል አዲስ አነቃቂ መድኃኒት እያስተዋወቀ ነበር። ቤንዜድሪን የንግድ ስሙ ነው፤ የነገሩ ስም አምፌታሚን ሲሆን፣ ሩማንያዊው ኬሚስት ላዛር ኤዴሌያኑ በ1887 በርሊን ውስጥ አዋህዶት ጥቅሙ ሳይታወቅ አርባ ዓመት ያህል ተቀምጦ፣ ጎርደን አሌስ የተባለ አሜሪቃዊ በ1920ዎቹ መጨረሻ በራሱ አካል ላይ ሞክሮ ኃይሉን የገለጸው ነው።

ዶክቶሩ ኪኒኑን ለሕፃናቱ ሰጡ። ለራስ ምታቱ ይህን ያህል አልረዳም። ነገር ግን አስተማሪዎቹ አንድ እንግዳ ወሬ ይዘው መጡ፤ ከወንበሩ ላይ መቀመጥ አቅቶት ሲራወጥ ይውል የነበረው ልጅ ተቀምጦ ሒሳብ እየሠራ ነው አሉ። አነቃቂ መድኃኒት ዐርፎ መቀመጥ የማያውቅን ልጅ ይበልጥ ያስፈነጥዘዋል ተብሎ ሲጠበቅ ያረጋጋው ሆነ። ሌላ ሐኪም ቢሆን ኖሮ አስተማሪዎቹን አመስግኖ ወደ ራስ ምታቱ ይመለስ ነበር። ዶክቶር ብራድሌ ግን የራስ ምታቱን ጉዳይ ትተው ይህንኑ ተከተሉ፤ ክብራቸውም ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

የሙከራው አሠራር ለእኛ ለተማሪዎች መመልከት የሚገባን ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 14 የሆነ 30 ሕፃናት መረጡ፤ 21 ወንዶችና 9 ሴቶች ናቸው። አንድ ሳምንት ያለ መድኃኒት ተመለከቷቸው፤ በሁለተኛው ሳምንት ጧት ጧት ኪኒኑን ሰጧቸው፤ በሦስተኛው ሳምንት ነሷቸው። በሁለተኛው ሳምንት ከ30ዎቹ 14ቱ በትምህርታቸው ዓይን በሚስብ ሁኔታ ተለወጡ፤ ለሥራቸው ጉጉት አደረባቸው፤ በፍጥነትም በትክክልም ብዙ ሠሩ። ከ30ዎቹ ግማሽ የሚሆኑት ደግሞ ስሜታቸው ረጋ አለ። ለውጡ የታየው መድኃኒቱ በተጀመረበት በዚያው ቀን ነው፤ የጠፋውም በቆመበት ቀን ነው። ሕፃናቱ ለኪኒኑ ያወጡለት ስም የሒሳብ ኪኒን የሚል ነበር። ዶክቶሩ ይህን ሁሉ በኅዳር ወር 1937 በአሜሪቃ የአእምሮ ሐኪሞች መጽሔት ላይ አሳተሙ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1930 መሆኑ ነው፤ አገራችን በጠላት እጅ፣ አርበኞቻችንም በጫካ የነበሩበት ዘመን።

ጉድለቱንም ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። በሙከራው ውስጥ መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ኪኒን ወስዶ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ቡድን አልነበረም። የልጆቹን ለውጥ የመዘኑት ሰዎች መድኃኒቱ የትኛው ሳምንት እንደ ተሰጠ ያውቁ ነበር። እንደ ዛሬው ሥርዓት ቢሆን የሕፃናቱ ፈቃድና የወላጆቻቸው ስምምነት በብርቱ ይጠየቅ ነበር። በአከርካሪ መወጋቱንማ ዛሬ ማንም አያደርገውም። በሌላ በኩል ግን ሐኪሙ ያዩትን ከልክ በላይ አላጋነኑም። በ1940 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ኪኒኑ በአእምሮ ችሎታ ፈተና ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ሲመረምሩ ይህ ነው የሚባል አላገኙም። ስለዚህ መድኃኒቱ ልጁን ብልህ አላደረገውም፤ ልጁ ለሥራው ያለውን ስሜት ለወጠው እንጂ። የሚያነቃ ነገር እንዴት እንደሚያረጋጋ ሲያስረዱም፣ የላይኛው የአንጎል ክፍል አንዱ ሥራው መግታት ስለ ሆነ የሚገታው ክፍል ሲነቃ ልጁ ይገታል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጋላቢው ሲነቃ ፈረሱ ይረጋል እንደ ማለት ነው። ይህ አስተያየት ከዛሬው እውቀት ጋር ብዙ አይጣላም።

አሁን በዚያው በ1937 ወደ ሆነ ሌላ ነገር እንሻገር፤ ነገሩ ወደ ራሳችን ግቢ ያቀርበናል። በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ክፍል ይህንኑ ቤንዜድሪን በተማሪዎች ላይ ሲሞክር ተማሪዎቹ አንድ ነገር አወቁ፤ ኪኒኑ እንቅልፍ ያባርራል። ከዚያ በኋላ ለፈተና ማጥኛ እየገዙ ይውጡት ጀመር፤ ወሬውም ከግቢ ወደ ግቢ ተዛመተ። የሐኪሞች መጽሔትና ጋዜጦች በዚያው ዓመት ማስጠንቀቂያ ጻፉ። እንግዲህ አንድ መድኃኒት በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ አገኘ። አንዱ ልቡ አልረጋ ያለው የሮድ አይላንድ ሕፃን ነው፤ ሁለተኛው ልቡ የረጋ፣ ግን ጥናቱን ለመጨረሻው ሌሊት ያቆየው የሚኔሶታ ተማሪ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በተነሣው ጦርነት ደግሞ ወታደሮች ሦስተኛ ሆነው ገቡበት፤ ጀርመኖች ፐርቪቲን የሚባለውን፣ እንግሊዞችና አሜሪቃውያን ቤንዜድሪኑን ለወታደሮቻቸውና ለአብራሪዎቻቸው አደሉ።

ለብዙ ጊዜ የሐኪሞች እምነት እንዲህ ነበር፤ አነቃቂ መድኃኒት በሽታው ያለበትን ያረጋጋል፣ ጤነኛውን ያስፈነጥዘዋል፤ ስለዚህ ኪኒኑን ሰጥቶ ልጁ ከረጋ በሽታው አለበት ማለት ነው። ይህ እምነት የፈረሰው በ1978 ነው። ዶክቶር ጁዲት ራፖፖርትና ባልደረቦቻቸው 14 ጤነኛ ወንዶች ልጆች መርጠው አንዳንድ ጊዜ አምፌታሚን ሰጧቸው። ጤነኞቹም ረጉ፤ እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ፤ ትኩረታቸው ጨመረ። መድኃኒቱ በሽተኛና ጤነኛ ብሎ አይለይም ማለት ነው። በማደሪያ ቤታችን ጫት ቅሞ ስለ ተመሠጠ ብቻ ለካ የትኩረት በሽታ ነበረብኝ የሚል ጓደኛ ቢኖር፣ ክርክሩ ከ1978 ወዲህ አይቆምም።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ልዩነቱ ከጥቅሙ ላይ ነው። አምፌታሚንም ሆነ ሜቲልፌኒዴት (ሪታሊን የሚባለው) በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉት የነርቭ መልእክተኞች እንዲበዙ ያደርጋሉ። ሥራ ለመጀመር፣ በያዙት ላይ ለመቆየት፣ ሌላውን ሐሳብ ለመግታት እነዚህ ልክ በሆነ መጠን ያስፈልጋሉ። ያነሰው ሰው ሲጨመርለት ወደ ልኩ ይመጣል። በልኩ ያለው ሲጨመርለት ግን ወይ ብዙም አይጠቀምም፣ ወይ ከልኩ አልፎ ይሄዳል። ማሳው የደረቀበት ገበሬ የኩልፎን ውሃ ቢጠልፍ እህሉ ይጠግባል፤ ማሳው የረጠበው ቢጠልፍ እህሉ ይሻግታል። የውኃ ቴክኖሎጂ ተማሪዎች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ግቢያችንም በእኛ አቆጣጠር በ1979 ሲመሠረት ሥራው ይኸው ነበር።

በቅርብ ዘመን የተደረጉ ሁለት ሙከራዎችን ብንጨምር ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ለ46 ጤነኛ ወጣቶች የአምፌታሚን ጨው ሰጥቶ በብዙ ዓይነት የአእምሮ ፈተና መዘናቸው። በውጤታቸው ላይ የሚያስተማምን ብልጫ አልታየም። ራሳቸውን ሲጠየቁ ግን መድኃኒቱን በወሰዱበት ቀን የተሻለ እንደ ሠሩ ተሰምቷቸው ነበር። የምርቃናን ነገር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሁለተኛው በ2023 የታተመ ሲሆን ከእርሱም የበለጠ የሚያስደንቅ ነው። ለ40 ጤነኛ ወጣቶች ከባድ የምርጫ ሒሳብ ቀረበላቸው። ሒሳቡን በእኛ አገር ብንተረጉመው፣ አንድ ሰው ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ገበያ የሚወርድ አንድ አህያ አለው እንበል፤ ፖም፣ ቅቤ፣ ገብስና የዶርዜ ጋቢ አለው፤ እያንዳንዱ የየራሱ ክብደትና ዋጋ አለው፤ አህያው ከተወሰነ ክብደት በላይ አይሸከምም። ምኑን ቢጭን ብዙ ያተርፋል? ተፈታኞቹ አንድ ቀን ባዶ ኪኒን፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሦስት ዓይነት አነቃቂ መድኃኒቶች በየተራ ወሰዱ። መድኃኒት በወሰዱበት ቀን ብዙ ጊዜ ደከሙ፣ ዕቃውን ብዙ ጊዜ አወጡ፣ ብዙ ጊዜ አስገቡ፤ የሥራቸው ጥራት ግን ቀነሰ። ያለ መድኃኒት ከአማካዩ በላይ የነበሩት በመድኃኒት ጊዜ ከአማካዩ በታች የመሆን ዝንባሌ አሳዩ። የዶርዜ ሸማኔ መወርወሪያውን ስላፈጠነ ጥለቱ አይሰምርለትም፤ ክሩን ይጨርሳል እንጂ።

በሽታው ያለባቸውስ? እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ አብዛኞቹ ልጆች ይጠቀማሉ፤ ትኩረታቸው ይጨምራል፤ ችኮላቸው ይቀንሳል፤ ከጓደኛና ከአስተማሪ ጋር ያለው ጠብ ይበርዳል። ይህ ለአንድ ልጅና ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በ2022 በ173 ልጆች ላይ የታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ልጆች በክፍል ውስጥ ብዙ ሒሳብ እንደ ሠሩና ጠባያቸውም እንደ ተስተካከለ፣ አዲስ ትምህርት በመማር ረገድ ግን ባዶውን ኪኒን ከወሰዱት እንዳልበለጡ አሳይቷል። ኪኒኑ ልጁን ከወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ማስተማሩ ግን የአስተማሪው ሥራ ሆኖ ይቀራል። ዶክቶር ብራድሌ በ1940 ከደረሱበት ነገር ጋር ይህ ምን ያህል እንደሚመሳሰል አንባቢ ይመልከት።

ጫትን እዚህ ውስጥ ያስገባነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጫት በአገራችን እንግዳ ቅጠል አይደለም፤ በ14ኛው መቶ ዓመት በተጻፈው በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ እንኳ ስሙ ተነሥቷል፤ የይፋቱ ሰብረዲን ንጉሡን አሸንፎ በመናገሻው ጫት ሊተክል መዛቱ ተጽፏል። በውስጡ ያለው ኃይል ምን እንደ ሆነ የታወቀው ግን በ1975 ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከለጋው ቅጠል ካቲኖን የሚባል ነገር አወጣ፤ አቋሙም ሥራውም ከአምፌታሚን ጋር ወንድማማች ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ወንድሙ ይለወጣል፤ ሻጮቹ ጫቱን በሙዝ ቅጠል የሚጠቀልሉትና ለጋው ቀንበጥ የሚወደደው ስለዚህ ነው። ኬሚስትሪውን ሳይማሩ ኬሚስቶች ሆነዋል። ስለዚህ በሲቀላ መንገድ ዳር የሚቅመው ተማሪና በሚኔሶታ ኪኒን የዋጠው ተማሪ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የሚለያቸው ኪኒኑ በሚሊግራም የተመዘነ፣ ጫቱ ግን ያልተመዘነ መሆኑ ነው። አንዱ እስር ዛሬ ይህን ያህል፣ ነገ ያን ያህል ኃይል አለው። ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ምግብ ይጠላል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ደግሞም የተማርነው ነገር በአእምሮ ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ የሌሊቱ ምርቃና የቀኑን ትምህርት ይበላዋል። ከዚያ ዱካክ ይመጣል፤ እርሱን ለማብረድ ጨብሲ ይከተላል፤ በማግስቱም ሐራራው ይነሣል። ስሞቹን ከእኛ በላይ የሚያውቃቸው የለም፤ እያንዳንዱ ስም የወጣለት ደጋግሞ ስለ ደረሰ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበን አንድ ነገር አለ። የትኩረት ማነስ በሽታ ከመቶ ልጆች አምስቱን ያህል እንደሚይዝ ጥናቶች ያመለክታሉ፤ በብዙዎቹም ላይ ካደጉ በኋላ ይቆያል። እንግዲህ በአንድ ትልቅ የመማሪያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። በገጠር ትምህርት ቤት፣ በጨንቻ ይሁን በቦንኬ፣ ቀዥቃዣ ወይም ልበ ቢስ እየተባለ በአርጩሜ ያደገ ነው። ጎበዝ ስለ ሆነ ብቻ ዩኒቨርሲቲ ደርሷል። እዚህ ግን የሚቆጣጠረው አባትና የሚጠራው ደወል ሲጠፋ፣ ደብተሩን ከፍቶ ሁለት መስመር ሳያነብ ሐሳቡ ጫሞ ሐይቅ ይደርሳል። ከዚያ ጫቱን ይሞክርና ለጊዜው ይሠራለታል፤ በእርግጥም ይሠራለታል። ሳያውቅ ራሱን ማከሙ ነው፤ ግን ባልተመዘነ መድኃኒት፣ ያለ ሐኪም፣ ሌሊቱን በሚያሳጣው መንገድ። ከጎኑ የተቀመጠው ጤነኛ ጓደኛው ደግሞ እርሱን አይቶ ይከተላል። ሁለቱም በመንፈቁ መጨረሻ ሲባረሩ ለሁለቱም የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ ሰነፍ። እኛ ይህን ፍርድ ትክክል ነው አንልም። አንዱ ወደ አእምሮ ሐኪም ሊሄድ ይገባዋል፤ ሐኪሙም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዴት እንደ ነበረ ወላጆቹን ጭምር ይጠይቃል፣ በሽታው በዩኒቨርሲቲ የሚጀምር አይደለምና። ሌላው ደግሞ ወደ አልጋው ሊሄድ ይገባዋል።

ወደ ዶክቶር ብራድሌ እንመለስ። ሰውዬው በዚያ ቤት አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሠርተው በ1948 ወደ ኦሪገን ግዛት፣ ወደ ፖርትላንድ ሄደው በሕክምና ትምህርት ቤቱ አስተማሩ። በ1950 ስለ አምፌታሚን በሕፃናት ላይ ስላለው ሥራ የመጨረሻውን ትልቅ ጽሑፋቸውን አወጡ። በቤቱ የተተኳቸው ዶክቶር ሞሪስ ላውፈር በ1957 የእነዚህን ልጆች በሽታ ለይተው ስም ሊሰጡት ሞከሩ። የቀረው የሕክምና ዓለም ግን የ1937ቱን ጽሑፍ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ዘነጋው። በጊዜው በአሜሪቃ የአእምሮ ሐኪሞች ዘንድ የነገሠው የፍሮይድ ትምህርት ነበር፤ የልጅ ጠባይ ከተበላሸ ምክንያቱ ከእናቱና ከአባቱ ጋር ባለው ነገር ይፈለጋል እንጂ በኪኒን ይድናል ማለት እንደ ድፍረት ይቆጠር ነበር። አንድ ሰው ከጊዜው ቀድሞ ሲናገር የሚደርስበት ይህ ነው፤ አይሰደብም፣ አይነበብም እንጂ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የሲባ ኩባንያ ኬሚስት ሊያንድሮ ፓኒዞን በ1944 ሜቲልፌኒዴትን አዋሀደ። ሚስቱ ማርጌሪት ቴኒስ ከመጫወቷ በፊት ወስዳው ስለ ወደደችው መድኃኒቱን በቁልምጫ ስሟ በሪታ ሪታሊን ብሎ ሰየመው፤ በ1954 ለገበያ ወጣ። በ1963 ዶክቶር ኪት ኮነርስና ዶክቶር ሊዮን አይዘንበርግ በባዶ ኪኒን እያነጻጸሩ በሕፃናት ላይ ሞክረው ጥቅሙን አሳተሙ። ከዚያ በኋላ ነው ሰዎች ወደ ኋላ ዞረው የዶክቶር ብራድሌን ጽሑፍ ከመደርደሪያ ያወረዱት። በ1971 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት አምፌታሚንንና ሜቲልፌኒዴትን በጥብቅ ቁጥጥር ሥር አዋላቸው፤ ቁጥጥሩን ያመጡት ሕፃናቱ አልነበሩም፤ ሳይታመሙ የወሰዱት አዋቂዎች ናቸው።

ዶክቶር ቻርልስ ብራድሌ በ1979 ሞቱ፤ ጤነኞቹ ልጆችም እንደ በሽተኞቹ እንደሚረጉ በታወቀ በዓመቱ መሆኑ ነው። ሲያክሙት የኖሩት በሽታ በትኩረት ማነስ ስም በአሜሪቃ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ ላይ የሰፈረው በተከታዩ ዓመት በ1980 ነው፤ እርሳቸው ስሙን በመዝገብ ላይ አላዩትም። ሆስፒታሉ በኢስት ፕሮቪደንስ ዛሬም ሕፃናትን ያክማል። ሰው ባጭሩ ብራድሌ ሆስፒታል ሲለው በሐኪሙ ስም የተጠራ ሊመስለው ይችላል፤ ሙሉ ስሙ ግን በሰባት ዓመቷ ታማ ሳትድን የቀረችው የኤማ ነው።